የቆርቆሮ ሠሪው ድንጋይ

የጭነት መኪናው፣ ትሬንታ ኳትሮው፣ ከደባይሲማ ወደ አሰብ ቁልቁል ሲንደረደር ከሀሩን ይልቅ ድንጋዩ ተመችቶት ነበር። ድንጋዩ ከሥሩ ጭድ ተነጥፎለት፣ ጆንያ ለብሶ፣ በገመድ ተጠፍንጎ ተኝቷል። ሀሩን ግን በአንድ እጁ ገመዱን፣ በሌላው ቆቡን ይዞ፣ መኪናው በነጠረ ቁጥር አብሮ እየነጠረ ይወርዳል።

«ሙራቶሬ! አለህ?» ሲል ሾፌሩ ወልደየሱስ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ጮኸ።

«ድንጋዩ አለ!»

«አንተን ነው የጠየቅሁት!»

«እኔን ለምን ብለህ? የተጫነው ድንጋዩ ነው፤ እኔ ተከትዬው ነው የመጣሁት!»

ሙራቶሬ ማለት ግንበኛ ነው። ጣሊያን አገሩን ለቆ ሲሄድ ቃሉን ትቶት ሄደ፤ ሀሩንም ቃሉን ለብሶት ቀረ። የደሴ ልጅ ነው። በመንገድ ሥራው ዘመን ወደ አሰብ ወርዶ፣ ሙቀቱን እየረገመ፣ አግብቶ፣ ወልዶ ከተመ። ድንጋዩን ያመጣበት ጊዜ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን በተሳሰረች በሦስተኛው ዓመት ገደማ ነበር። ያኔ አሰብ ላይ ከመርከብ ከሚራገፈው ሲሚንቶ ይልቅ ከደጋ የሚራገፈው ሹመኛ ይበዛ ነበር። ሁለቱም እርጥበት ሲነካቸው ወዲያው ይደርቃሉ።

ድንጋይ ፍለጋ ያን ያህል መንገድ መሄዱ ወልደየሱስን አስቆታል። አሰብ ራሷ ድንጋይ ላይ ድንጋይ የተከመረባት አገር አይደለችም? ሀሩን ግን የአሰብን ድንጋይ ያውቀዋል። እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ ነው፤ የባሕሩ ጨው በቀዳዳው ገብቶ ከውስጥ ይበላዋል። ግንብ ይገነባበታል እንጂ ነገር አይጻፍበትም።

ደባይሲማ ላይ ድንጋዩን ሲያገላብጡ አንድ የአፋር ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ብዙ ቆመው አይተዋቸው ነበር።

«ለመቃብር ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«ለመቃብር ነው፣ አባባ» አለ ሀሩን በተሰባበረ አፋርኛው።

«አንድ ብቻ?»

«አንድ ብቻ።»

ሽማግሌው አዘኑ። በእሳቸው አገር የጀግና መቃብር ላይ የሚቆመው ድንጋይ በጣለው ጠላት ቁጥር ልክ ነው። «ሰውየው በዕድሜው ማንንም አልገደለም?»

«ቆርቆሮ ነበር የሚቀጠቅጠው።»

ሽማግሌው ቀና አሉ። ከግመላቸው ጎን የተንጠለጠለችውን የውኃ ጣሳ ፈትተው ገለበጧት። ቂጧ ላይ እንደ ጨረቃ የምታበራ ክብ ጥጋኝ አለች። «ይህን የደፈነው ነው? ሚናስ?»

«እሱ ነው።»

ሽማግሌው ጥጋኟን በአውራ ጣታቸው ዳበሷት። ከዚያ በትራቸውን አስቀምጠው፣ እጃቸውን ከድንጋዩ ሥር አስገብተው ወደ መኪናው አብረው አነሡት።

*

ፈረንጅ ሁሉ ሙሴ በሚባልበት በዚያ ዘመን ሙሴ ሚናስ የሚሉት አርመን ነበር። በልጅነቱ ከአገሩ ተሰዶ፣ ከወደብ ወደብ ሲንከባለል አሰብ ላይ ቆመ። የከተማው ውኃ የሚቀመጥበት በርሜል፣ የሚበራበት ፋኖስ፣ ወጡ የሚበስልበት ፕሪሙስ በእጁ ያላለፈ የለም። ሚስቱ ሐረገወይን የመንዝ ልጅ ናት፤ ወንድሟ ባላምባራስ ሣህሉ ደግሞ በወደቡ ካሉት መሥሪያ ቤቶች የአንዱ ሹም ናቸው። ሚናስ በሳንባው ታሞ ሲሞት ሐረገወይን ብዙ አላለቀሰችም። ሀሩንን አስጠርታ «ለተዝካሩ ድንጋዩ መቆም አለበት» አለችው።

አሁን ድንጋዩ ከግቢዋ መካከል፣ የሚናስ መሥሪያ በነበረው ዳስ ሥር ተጋደመ። ሐረገወይን በጥቁር ነጠላዋ ሥር አንድ ነገር ይዛ ወጣች። የሻይ ትሪ ነው፤ ከመዳብ የተቀጠቀጠ። ሀሩን በዚህ ትሪ ስንት ጊዜ ሻይ ጠጥቷል! ሥዕሉንም ያውቀዋል። አንድ ባለጢም ሰው ማዕድ ፊት ተቀምጧል፤ ከጎኑ ማሰሮ፣ ከፊቱ ክራር መሳይ የሚመታ አዝማሪ፣ ከኋላው የተጫነ ፈረስ።

«ይህ ምንድን ነው?» አለችው።

«ግብር ነው እንጂ። ባላምባራስ ነግረውኛል፤ የሙሴ ሚናስ አያት መኳንንቱን ግብር ሲያበሉ።»

ሐረገወይን ሚናስ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «ጋሼ ለመጣ እንግዳ ሁሉ እንደዚያ ይላል። ሚናስ ደግሞ ዝም ይል ነበር፤ የሚስቱን ወንድም ማሳፈር አይወድም። ይህ መቃብር ነው፣ ሀሩን። የአያቱ የመቃብር ድንጋይ። በአገራቸው ማዕዱን የሚቀርጹት ሟቹ ከድግሱ እንዳይቀር ነው። እስቲ ከማዕዱ ሥር እይ።»

ሀሩን ጎንበስ አለ። ከሻይ ብርጭቆ ሥር ስትደበቅ የኖረች፣ የእህል ቅንጣት የምታክል መዶሻ አለች። ከጎኗ ጉጠት፣ ከጉጠቱ ጎን የብረት መቀጥቀጫ።

«አያቱ ቀጥቃጭ ነበር» አለች ሐረገወይን። «እዚያ የሞተው ሰው የሠራበት ዕቃ ድንጋዩ ላይ ይወጣለታል። ልብስ ሰፊ ከሆነ መቀስ፣ ፀጉር ቆራጭ ከሆነ ማበጠሪያና ምላጭ፣ ገበሬ ከሆነ ማረሻ። ድንጋዩን ራሱን እንደ በግ ጠርበው የሚያስቀምጡም አሉ። ፊደል የቆጠረም ያልቆጠረም እኩል ያነበዋል፤ እዚህ የተኛው ይህን ሲሠራ የኖረ ነው ይላል። ለሚናስም መዶሻውን፣ የቆርቆሮ መቀሱንና መበየጃውን ታወጣለታለህ።»

ሀሩን የተወለደበትን አገር ያውቀዋል። ማረሻውን ቀጥቅጦ የሰጠውን ሰው ቀን ጠይብ፣ ማታ ቡዳ እያለ የሚሸሽ አገር ነው፤ ሸማውን የሠራለትን ሸማኔ ቁጢት በጣሽ ብሎ፣ ያንኑ ሸማ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ። የድሮው ንጉሥ ሠራተኛን የሚሰድብ ይቀጣል ብለው አዋጅ አስነግረው ነበር። ሕዝቡ አዋጁን ሰማ፤ ከዚያ ወዲያ ስድቡን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይናገረው ጀመር። በዚህ ሕዝብ መካከል በመቃብር ላይ መዶሻ መቅረጽ ሟቹን ከመቃብሩ አውጥቶ እንደ መስደብ ነው የሚቆጠረው።

የግቢው በር ተከፈተና ይህን ስድብ ከሁሉ ቀድመው የሚሰሙት ሰው ገቡ።

ባላምባራስ ሣህሉ በዚያ ሙቀት የካኪ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። የቡሽ ባርኔጣቸውን አውልቀው በመሐረብ ግንባራቸውን ጠረጉና ድንጋዩን እንደ አዲስ ምልምል ዞረው ተመለከቱት።

«መልካም ድንጋይ ነው። እንግዲህ ሀሩን፣ ከላይ መስቀል። ከሥሩ የተጫነ ፈረስ። ከተቻለ ጠመንጃ። ትሪው ላይ እንዳለው ማዕዱም ይግባ።»

«ፈረስ ለማን ነው፣ ጋሼ?» አለች ሐረገወይን። «ሚናስ በዕድሜው የወጣው አንድ ግመል ላይ ነው፤ እሱም ጣለው።»

«ለቤተሰቡ ክብር ነው።»

«የቤተሰቡ ክብር መዶሻ ነው።»

ባላምባራስ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሐረግ፣ በተዝካሩ ዕለት የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ይመጣል። የበላዬ አቶ አሥራት ከነባለቤታቸው ይመጣሉ። ሙሴ ሚናስ ነጋዴ ነው ብዬ ነው የነገርኳቸው።»

«ቆርቆሮ ሲበይድ በዓይናቸው እያዩት?»

«ለመዝናናት ነው ብያለሁ! በክርስቲያን መቃብር ላይ መዶሻ ተቀርጾ የት ታይቷል?»

«ጌታን ያሳደገው ማን ነው? አናጢ አይደለም?»

«እሱ የገሊላ ሰው ነው!» አሉ ባላምባራስ። ክርክሩን እንዳልረቱ ግን ገባቸውና ወደ ሀሩን ዞሩ። «አንተ ፈረሱን ጀምር።»

«ባላምባራስ፣ እኔ እስላም ነኝ» አለ ሀሩን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «ነፍስ ያለው ነገር ብቀርጽ የቂያማ ዕለት ‹በል ነፍስ ዝራበት› እባላለሁ። መዶሻ ግን ነፍስ የለውም።»

«አምና በመሥሪያ ቤታችን በር ላይ አንበሳ የቀረጽኸው አንተ አይደለህም?»

«ነኝ፣ ባላምባራስ። ‹ይህ አንበሳ አይመስልም› ያሉኝም እርስዎ ነዎት። በዚያች ቃል እድናለሁ ብዬ ነው ተስፋ የማደርገው።»

ባላምባራስ አልሳቁም። ባርኔጣቸውን ደፉ። «የአዲሱ መጋዘን የአጥር ሥራ ለማን እንደሚሰጥ እስካሁን አልወሰንኩም» አሉ በጣም በዝግታ። «በተዝካሩ ዕለት ድንጋዩን አይቼ እወስናለሁ።» ወጡ። በሩን ዘግተው ነበር፤ ነፋሱ መልሶ ከፈተው።

*

ሀሩን ከሁለቱም ወገን በማያጣላው ጀመረ። መስቀሉን አወጣ። ማዕዱን አወጣ፤ ሰው ሳያስቀምጥ፣ ዳቦውንና ማሰሮውን ብቻ። በመዶሻና በመሮ እየመታ ስለ መጋዘኑ አጥር ያስባል። ረጅም አጥር ነው። ልጆቹን እስከ ክረምት ድረስ የሚያሻግር አጥር ነው።

የመሮው ድምፅ ሰው ጠራ። የባለሱቁ የዘይኑ ሚስት አሊማ መጣችና «የኔን በራድ ቅረጽለት፤ አፍንጫው ተሰብሮ መልሶ የተከለልኝ ነው» አለች። ጀልባ ያለው ኑህ በባሕሩ ዳር ካለችው ዒድ ዓሣ ይዞ ሲመለስ ጎራ ብሎ ፋኖሱን ሊያስቀርጽ ፈለገ። ውኃ የምትሸጠው ሳልሀ በርሜሎቿን ሁሉ አለች፤ «ከድንጋዩ ጀርባ ይገባሉ፣ ጀርባው ባዶ አይደል?» ስትል ተከራከረች። ሀሩን ሁሉንም «እሺ፣ ኢንሻላህ» እያለ ሸኘ። ሁሉንም ቢያወጣ ድንጋዩ የመቃብር መሆኑ ቀርቶ የዘይኑን ሱቅ ይመስል ነበር።

ያን ዕለት ጸሐይ ሲያዘቀዝቅ መዶሻውን ጀመረ። የሚናስ መዶሻ በዳሱ ምሰሶ ላይ እንደተሰቀለ ነበር፤ አውርዶ ከጎኑ አስቀመጠው። እጀታው የሰው አውራ ጣት በተደገፈበት ቦታ ጎድጉዷል። ሀሩን የራሱን መዶሻ እጀታ አየ። እሱም ጎድጉዷል። ካምቦ ሱዳን ሰፈር ካለው ግድግዳ ግማሹ የእሱ ነው፤ ግን ግንበኛ በሠራው ግንብ ላይ ምልክት አይተውም፤ ባለቤቱ ነው ስሙን የሚጽፍበት። ይህን ያህል ካሰበ በኋላ ስለ አጥሩ ማሰቡን ተወና የጎደጎደውን እጀታ እንደጎደጎደ ድንጋዩ ላይ አወጣው።

ሐረገወይን መጥታ ከኋላው ቆማ ስታይ ቆየች።

«አንድ ነገር ቀርቷል» አለች። «እኔም ስሞት የምቀበረው ከጎኑ ነው። ጥጉ ላይ፣ በእኔ በኩል፣ ትንሽ ነገር አውጣልኝ።»

«እንዝርት ነው፣ እትዬ ሐረግ? እንዝርት መልካም ነው፤ ትልልቅ ወይዛዝርትም ይፈትላሉ። ባላምባራስም አይቆጡም።»

«እንዝርት አይደለም። መወርወሪያ ነው፤ የሸማኔ መወርወሪያ።»

ሀሩን መሮውን አስቀመጠ።

«አባቴ ሸማኔ ነበር» አለች። «ሸማኔ እግሩን ከሚያስገባበት ጉድጓድ ዳር ቁጭ ብዬ ማግ አቀብለው ነበር። መወርወሪያዋ ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው ስትሮጥ ወፍ ትመስለኝ ነበር። ለሚናስ ነግሬዋለሁ። ‹ታዲያ ለምን ትደብቂዋለሽ? እኛ ዘንድ ይህ በድንጋይ ነው የሚጻፈው› አለኝ። ‹ስትሞቺ እኔ እቀርጽልሻለሁ› ብሎኝ ነበር። ቀደመኝ።»

አባቷ ሸማኔ ከሆኑ፣ የወንድሟም አባት ሸማኔ ናቸው። ሀሩን ይህን ሒሳብ ላለመሥራት ቢጥርም በራሱ ጊዜ ተሠራ።

«ባላምባራስ ግን አባታችን ባለርስት ነበሩ ሲሉ…»

«ጋሼ አባታችንን መጀመሪያ ገበሬ አደረገው። ሻለቃ ሲሆን ባለርስት አደረገው። ባላምባራስነቱን ካገኘ ወዲህ ፊታውራሪ ሊያደርገው ነው። ከሞተ በኋላ በየጊዜው የሚሾም ሰው ያየሁት የኛን አባት ብቻ ነው።» ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «አትሳቅበት፣ ሀሩን። በልጅነታችን ከደብር ትምህርት ቤት ያስወጡት ‹የቁጢት በጣሽ ልጅ› ብለው ነው። እዚህ ሙቀት ውስጥ ለምን ኮቱን እስከ አንገቱ እንደሚቆልፍ እኔ አውቃለሁ። የማያውቀው አገር ፈልጎ ነው አሰብ የወረደው።»

«ታዲያ ይህን ብቀርጽ ያጠፋቸዋል።»

«አባቴን አንድ ጊዜ መንዝ ቀበርን። ጋሼ በየከተማው ይቀብረዋል። እኔም ዝም ካልኩ አባቴ የት ይነሣል?»

ሀሩን መሮውን መልሶ አነሣ። መወርወሪያ በቅርብ አይቶ አያውቅም፤ እሷም ከልጅነቷ ወዲህ አላየችም። በመዳፏ ቅርጹን አሳየችው፤ ሁለት ጫፉ የሾለ፣ መሐሉ የተቦረቦረ። በከሰል ሣለችና አጠፋች፣ መልሳ ሣለች። ክሩ የሚወጣበት ቀዳዳ የት እንደነበር ተጠራጠረች። «ጫፉ ላይ ይመስለኛል» አለች። ሀሩንም ጫፉ ላይ በሳው።

*

በተዝካሩ ዕለት ነፋሱ ከባሕር ይነፍስ ነበር። መቃብሩ ከከተማው ጠርዝ፣ አሸዋውና ጥቁሩ ድንጋይ ከሚገናኙበት ነው። ድንጋዩ ቆሞ ኑህ ባዋሰው የጀልባ ሸራ ተሸፍኗል። በአንድ ወገን ሹማምንቱ ከነሚስቶቻቸው፣ በሌላው ወገን የወደብ ሠራተኞች፣ ባለሱቆችና ባለበርሜሎች ቆመዋል። በመካከላቸው የቀረው ክፍት ቦታ ሁለት ግመል ያሳልፋል።

ቄሱ ፍትሐቱን ጨረሱ። ባላምባራስ ሣህሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ስለ ታላቁ ነጋዴ፣ ስለ አያቱ ግብር፣ ስለ ፈረሱም ተናገሩ። ያልነበረው ፈረስ በንግግሩ መሐል ሁለት ሆነ። ከዚያ ለሀሩን በእጃቸው ምልክት ሰጡ።

ሀሩን ገመዱን ሳበ። ሸራው ወደቀ።

መጀመሪያ የሰማው የሳልሀን ድምፅ ነው። «ያ ረቢ! መዶሻው!» አለች። «እጀታውን እዩት፣ ራሱ ነው!» አሊማ አለቀሰች። የወደቡ ሰዎች ቀረብ ቀረብ አሉ፤ አንዱ መቀሱን፣ አንዱ መበየጃውን በጣቱ ያሳያል፤ ስለ ጣሳውና ስለ ፋኖሱ ያወራል። በሹማምንቱ በኩል ግን አቶ አሥራት ወደ ጫማቸው ተመለከቱ። ባላምባራስ ሀሩንን አዩት፤ ሀሩንም በዚያ አስተያየት ውስጥ የመጋዘኑ አጥር ድንጋይ በድንጋይ ሲፈርስ አየ።

የአቶ አሥራት ባለቤት ወይዘሮ እቴናት ዝምታ የሚያስጨንቃቸው ሴት ናቸው። ወደ ድንጋዩ ጠጋ ብለው ጃንጥላቸውን ወደ ጥጉ አመለከቱ። «ሌላው ይሁን፤ ይቺ ትንሿ ግን ምንድን ናት? ሹል ሹል ያለችው?»

ሐረገወይን ነጠላዋን ወደ አፏ ስባ ወንድሟን ብቻ ታያለች። አይታ የምትጠብቅ እንጂ የምትለምን አትመስልም።

ባላምባራስ ወደ ጥጉ ሄዱ። ጎንበስ አሉ። እንዳጎነበሱም ቀሩ። ሀሩን ጀርባቸውን ነው የሚያየው፤ ላቡ በካኪው ላይ ሲሰፋ። አሁን አንድ ነገር ይላሉ፤ ጌጥ ነው ይሉና ያልፋል። ማን ይጠይቃቸዋል? እጃቸውን ዘረጉ። በአውራ ጣታቸው ጠርዙን ዳበሱ፣ ወደ ጫፉ ሄዱ፣ ቀዳዳዋ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። መልሰው ዳበሱ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ላይ ያለው ቁጣ ሀሩን ከጠበቀው የተለየ ነበር።

«ማን ነው ይህን የሠራው?»

«እኔ ነኝ፣ ባላምባራስ።»

«ክር በአፍንጫ ነው እንዴ የሚወጣው?»

ሀሩን አልገባውም።

«ቀዳዳው ከጎን ነው! ከጫፉ ከወጣ ድሩ ላይ ይያዛል፤ ድሩን ይበጥሰዋል! ቀሰሙስ የታለ? ማጉ የሚጠቀለልበት ቀሰም? ባዶ መወርወሪያ ወርውረህ ምን ልትሠራ ነው?» ድምፃቸው ከፍ እያለ፣ እጃቸው በአየር ላይ ከግራ ወደ ቀኝ የማይታይ ነገር እየላከና እየተቀበለ ነበር። «አባቴ በዕድሜው ባዶ መወርወሪያ ወርውሮ አያውቅም!»

ነፋሱ የወደቀውን ሸራ አራገበው። የወይዘሮ እቴናት ጃንጥላ ቀስ ብሎ ታጠፈ።

ባላምባራስ ያሉትን የሰሙት ከሌላው ሁሉ በኋላ ይመስላል። እጃቸው አየር ላይ እንዳለ ቆመ። ሹማምንቱን አዩ፤ የወደቡን ሰዎች አዩ፤ እህታቸውን አዩ። ሐረገወይን ነጠላዋን ከአፏ ለቀቀችው።

«ረስቼው ነው፣ ጋሼ» አለች። «እኔ ነኝ ጫፉ ላይ ያልኩት። አንተ ግን ታስታውሳለህ።»

ባላምባራስ የኮታቸውን የአንገት ቁልፍ ፈቱ። ከዚያ ሁለተኛውን። ድንጋዩ አጠገብ በጉልበታቸው ተቀመጡ፤ ካኪው አሸዋ ነካ።

«መሮህን ይዘሃል?»

«ይዣለሁ።»

«ና እንግዲህ።» ሀሩን መጥቶ አጠገባቸው ተንበረከከ። ባላምባራስ ጣታቸውን በመወርወሪያዋ ጎን ላይ አኖሩ። «እዚህ ጋ ነው።»

ሀሩን መሮውን ደገነ፤ መዶሻውን አነሣ፤ ግን አልመታም። «ጣትዎን ያንሡ፣ ባላምባራስ።»

«ካነሣሁት ቦታውን ትስተዋለህ» አሉ። «ቀስ ብለህ ምታ።»